ላልተቀመጥኩበት ወንበር የሠራሁት መንገድ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ትሁን ከሥራ ስትመለስ ዊልቸሯን ደጃፉ ላይ አቆመችና፣ «አባዬ፣ እንግዲህ አሁን ሥራ ፈት ነህ። ቅዳሜ ግቢውን ታሳየኛለህ» አለችኝ።

ግቢው የምትለው ጎንደር መሐል ያለውን የነገሥታቱን የግንብ ግቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋዩን ስጠግን የኖርኩት እዚያ ነው። ልጄ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ገብታበት አታውቅም።

«እግረኛ እንኳ የሚደክምበት ቦታ ነው» አልኳት።

«እኔ መቼ እግረኛ ሆንኩ?»

«ሁሉም ደረጃ ነው። ካልሽ አዝልሻለሁ።»

«ሐኪም ቤት ስታመላልሰኝ አዝለኸኛል። ታዝዬ ያየሁት ያንተን ማጅራት ብቻ ነው። አሁን በራሴ ጎማ ነው የምገባው።»

 ያመነታሁት ስለ ደረጃው ብቻ አልነበረም። እዚያ ግቢ ውስጥ ልጄ እንዳታየው የምፈራው አንድ ሥራ ነበረኝ። ስለ ሙያዬ ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ያንን ሥራ ትቼ ሌላውን ብቻ ብጽፍ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የተወለድኩት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ጤና ጣቢያ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ድንጋይ አቀብል ነበር፤ በምሳ ሰዓት ባዶውን ከረጢት መሬት ላይ ዘርግቼ ጽሑፉን በጥፍሬ እየተከተልኩ፣ ያላወቅኩትን ፊደል የሚያውቅ ሰው እየጠየቅኩ ተማርኩ። ቁጥር ከሜትሩ ላይ ለመድኩ። ማካፈል ያስተማረኝ ደረጃ ነው፤ ቁመቱ ይኼን ያህል ከሆነ ስንት እርከን ይወጣዋል እያልኩ። ለልጆቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ አስተማሪ የለኝም ብሎ መቀመጥ ስንፍና ነው። ከዚህ ቃሌ ዛሬም አልመለስም። ነገር ግን ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል ያወጣል። ትንሽ ያወቀ ሲመስለው መጠየቅ ይተዋል። እኔም ተውኩ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ኮላ ድባ ወረድኩ። እዚያ የእህል መጋዘን ስንሠራ አለቃችን ከመኪናው የማይወርድ ሰው ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «መሠረቱ ደረሰ?» ይላል፤ «ደርሷል» ስንለው መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። የደምቢያ ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን ጠለቅ ማድረግ ይገባን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ አለቃውን አብዝቼ ወቀስኩት። መኪና የሌለውም ሰው ከመኪና ሳይወርድ ሊሠራ እንደሚችል ያወቅኩት ኋላ ነው።

ከዚያ አዘዞ መጣሁ። መኖሪያ ቤቶች ሠራሁ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ። ትሁን በሰባት ዓመቷ የጀርባ አጥንት በሽታ ያዛት። ብዙ ወር ሐኪም ቤት ተመላለስን፤ ሕይወቷ ተረፈ፣ እግሮቿ አልተረፉም። ጎረቤት «ምስኪን» ሲላት ደስ አይለኝም ነበር። ደብተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጬ «እግርሽ አርፏል፤ እጅሽ ግን አላረፈም» እላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አብሬያት አላለቀስኩም። ዛሬ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ራሷን የቻለች ሰው ናት። ይህን ያመጣው የእኔ ጥብቅነት ይመስለኝ ነበር። የራሷ ጥብቅነት ነው።

ወደ ነገሥታቱ ግቢ የገባሁት አያ ደርሰህ በሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ሥር ነው። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ ስለ ሰውየው ግን አለኝ።

አያ ደርሰህ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አጠጥተው፣ በጆንያና በአፈር ሸፍነው ወራት ያስተኙታል። እኛ በቶሎ ልናወጣው ስንቸኩል ክዳኑን ገለጥ አድርገው በሁለት ጣታቸው ያሹታል፤ እንደ ቅቤ ካልለሰለሰ «ገና ነው» ብለው መልሰው ይሸፍኑታል። ሲሚንቶ በአሮጌው ግንብ ላይ አያስነኩም። ድንጋዩ በክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ በመጋጠሚያው በኩል መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ያንን አፍ ይደፍንበታል፣ ድንጋዩም ከውስጥ እየተፈረፈረ ያልቃል። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ያስተነፍሰዋል። ድንጋይ ሲመርጡ በመዶሻ ቀስ ብለው መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የታመመ ድንጋይ ድምፁ የተደፈነ ነው። የገነቡትን ደግሞ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል፤ ጠዋትም ከሰዓትም ራሳቸው ውሃ ይረጩበታል።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን አንዱን ልንገራችሁ። ደረጃ ወይም መንገድ ሠርተን ከማስረከባችን በፊት ሦስት ጊዜ ይሄዱበታል። መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፣ ሁለተኛ ሸክም ይዘው፣ ሦስተኛ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ ሦስቱንም በባዶ እግራቸው። እኔ የመጀመሪያውን ደረጃ ጠግኜ «ጨረስኩ» ያልኩ ቀን ችግኝ ከምታጠጣው ሴት ውሃ የሞላ ክዳን የሌለው ጀሪካን ተውሰው መጡ። መውጣት ጀመሩ። አምስተኛው እርከን ላይ ውሃው ፈሰሰ።

«አየህ አበጀ? አምስተኛው ከፍ ብሏል።»

«አያ፣ ለዓይን እኮ አይታይም።»

«ጀሪካኑ አይቶታል» አሉ። «ይህን ደረጃ የምትወጣው አንተ ብቻ መሰልህ? የታመመ ይወጣዋል። እርጉዝ ትወጣዋለች። ለራስህ እግር ከሆነ የሠራኸው፣ እቤትህ ውሰደው።»

እርከኑን አፍርሼ እንደገና አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም የሠራሁትን ሁሉ ሦስት ጊዜ እየሄድኩ አስረከብኩ። አያ ደርሰህ ሲሞቱ የግቢው ዋና ግንበኛ እኔ ሆንኩ፤ ልማዱንም ከእነ ሙሉ ክብሩ የወረስኩ መሰለኝ።

ጡረታ ልወጣ ስድስት ዓመት ሲቀረኝ፣ ግቢው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ግንቦች አንዱ የዕቃ ማሳያ ክፍል እንዲሆን ተወሰነ። መግቢያው ሦስት እርከን አለው። አንዲት መሐንዲስ መጥታ በዊልቸር የሚመጣ እንግዳ የሚገባበት ተዳፋት መንገድ በጎኑ እንድሠራ ሥዕል ሰጠችኝ። አሮጌውን ግድግዳ የማይነካ፣ ረዘም ያለና ዝቅ ብሎ የሚወጣ መንገድ ነበር። ስንቆፍር አጠገቡ የቆመው ትልቅ ዋርካ ሥር መሐል ላይ ገጠመን። መሐንዲሷ ወደ ባሕር ዳር ተመልሳለች፤ ስልኳ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም። ሥሩን ላለመቁረጥ ብዬ መንገዱን አሳጠርኩት። ሲያጥር አቀበቱ ቀጥ አለ። ድንጋዩን ደግሞ ሰው እንዳያንሸራትት ሸካራ አድርጌ ጠረብኩት፤ መጋጠሚያውንም እግር እንዲይዝ ብዬ ጠለቅ አድርጌ ተውኩት። በዓይን ሲያዩት ያምር ነበር፤ ከአሮጌው ግንብ ጋር አንድ የተወለደ ይመስላል።

በዚያ ሰሞን እቤት እራት ላይ ነገሩን አነሳሁት። ትሁን እንጀራዋን ትታ ቀና አለች።

«ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው?»

«ልክ ነው።»

«ልክ ማለት? ድንጋዩንስ በምን ታስተካክለዋለህ? ለስላሳ አድርገው አባዬ። የፊቱ ጎማ ትንሽ ነው፤ ቀዳዳ ይፈራል።»

«ሥራዬን አታስተምሪኝ» አልኳት።

ባለቤቴ ወጥ ጨመረችልን። ነገሩ በዚያው ቀረ።

መንገዱን ስጨርስ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። ጎማ ላለው ነገር ስለሆነ የተሠራው ጎማ ያለው ነገር አመጣሁ፤ አሸዋና ድንጋይ የምንገፋበትን ካሪዮላ። ባዶውን ገፋሁ፣ ድንጋይ ጭኜ ገፋሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገፋሁ። የካሪዮላ ጎማ ትልቅና አንድ ነው፤ የፈለገውን ቀዳዳ ይረግጣል። አያ ደርሰህን ያከበርኩ መሰለኝ፤ ደረቴን ነፍቼ አስረከብኩ።

ዊልቸር እኮ እቤቴ ነበር። በየቀኑ ጎኑን እያለፍኩ ነው የምወጣው የምገባው። ለምን አላመጣሁትም? ይህን ጥያቄ ብዙ ቀን ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱም የሚያኮራ አይደለም። መንገዱን የሠራሁት ከሩቅ አገር ለሚመጣ እንግዳ ነበር። ልጄ እዚያ የምትመጣ ሰው ሆና ታይታኝ አታውቅም።

በዚያው ዓመት ከኮላ ድባ መምህራን ግንቡን ሊጎበኙ መጡ። ከእነሱ መሐል መምህር ታፈረ በዊልቸር የሚሄዱ ሰው ነበሩ። የዋናው በር ዘበኛ ጌትነት እርከኑን ከነወንበራቸው በሰው አስነስቶ አስገባቸውና እገፋዎታለሁ ብሎ ያዛቸው። ጌትነት ያኔ ጎልማሳ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። እኔ አጠገቡ ባለው ግድግዳ መወጣጫ እንጨት ላይ ቆሜ መጋጠሚያ እሞላለሁ። ሲወጣ ደም ሥሩ ተገትሮ አየሁት።

«አያ አበጀ፣ ይኼ ነገር ይከብዳል ጃል» አለኝ።

«ቁርስህን ጎመን ነው እንዴ የበላኸው?» ብዬ ሳቅኩበት። መምህሩም ሳቁ።

ጉብኝታቸውን ጨርሰው ሲወርዱ የፊቱ ትንሿ ጎማ ከሁለት ድንጋይ መሐል ገባች። ወንበሩ ቆመ። ሰውየው አልቆሙም። በሁለት እጃቸው መሬቱን ሊይዙ ዘረጉ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ሲሰበር ድምፁ እኔ እስካለሁበት ተሰማ። ሲያነሷቸው «እጄን ነው፣ እጄን ነው» ይሉ ነበር። ለእሳቸው እጅ ማለት እግርም ነው፤ ወንበሩን የሚገፉት በእሱ ነው፣ ከአልጋ የሚነሱት በእሱ ነው፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት በእሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የግቢው ኃላፊ ጠሩኝ። «አንተ ላይ ሆነህ አይተሃል። ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ለቀቀው» አልኩ።

አንድ ቃል ነው። ጌትነት አልለቀቀም። ከወንበሩ ጋር ተጎትቶ ወርዶ ሁለት ጉልበቱ ተልጦ ሱሪው ደም ነበር። የለቀቀ ሰው ጉልበቱ አይላጥም። ያንን ደም አይቼ ነው «ለቀቀው» ያልኩት።

ጌትነትን ከዋናው በር አንስተው ወደ ኋላ በር ላኩት፤ የድንጋይና የአሸዋ መኪና ካልሆነ ጎብኚ የማይገባበት በር ነው። ማንም እንዳይወጣበት ተዳፋቱ ላይ ገመድ ተዘረጋ። ስለ አሠራሩ የጠየቀኝ ሰው የለም። መሐንዲሷ ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። እቤት ስገባ ለትሁን «አንድ ዘበኛ ሰው ጣለ» ብዬ ነገርኳት። «ቁልቁለቱ ግን ስንት ነበር?» አለች። የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

ስድስት ዓመት በዚያ የኋላ በር ገብቼ ወጥቻለሁ፤ መሣሪያችን የሚቀመጠው በዚያ በኩል ነበር። ጌትነት በየጠዋቱ ብድግ ይላል። «እንደምን አደሩ አያ አበጀ» ይለኛል። «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። አንድ ቀን ቢሰድበኝ፣ አንድ ቀን ፊቱን ቢያዞርብኝ ደስ ባለኝ። ልጆቼን ውሸት ሲናገሩ በቀበቶ የገረፍኩ ሰው ነኝ። ይህንንም ልጻፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ትሁን ነጭ ሹራቧን ለብሳ፣ የጎማዋን ነፋስ ሞልታ ተዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አዘዞ ላይ ሚኒባስ አስቆምን። ሾፌሩ ሽበታም ሰው ነው፤ ወንበሩን አጥፌ ስጭነው እያየ፣ «ወንበር ይዘሽ ወንበር ላይ ልትቀመጪ?» አላት።

«ምን ላድርግ፣ ያንተ ወንበር ጎማ የለውማ!» አለችው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር በክር እንደሚወርድ የግንበኛ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

ዋናው በር እርከን ስላለው ወደ ኋላ በር መዞር ነበረብን። ጌትነት ብድግ አለ። ጢሙ ሸብቷል።

«እንደምን አደሩ አያ አበጀ። ጡረታው እንዴት ነው? ይቺ ልጅዎ ናት?»

«ትሁን ትባላለች» አልኩ።

«ሸጋ ልጅ። ግቢው ሣር ነው፣ ጎማ ይይዛል። እኔ ላግዛችሁ» ብሎ በሩን ለጓደኛው አደራ ሰጠ።

እንግዲህ ሦስታችን ሄድን። ለሁለት ሰዓት ያህል በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ሰዓቶች ውስጥ ነበርኩ፤ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ። ትሁን እስክትደክም ጠየቀችኝ። ቅስቱ እንዴት እንደቆመ፣ የመስኮቱ ዙሪያ ቀዩ ድንጋይ ከየት እንደመጣ። ወደ ትልቁ ግንብ ላይኛው ፎቅ መውጣት አልቻለችም፤ ከታች ቀና ብላ ብዙ አየችው። «ላይ ምን ይታያል?» አለችኝ። የታየኝን ሁሉ ነገርኳት፤ የከተማውን ቆርቆሮ፣ የተራራውን መስመር፣ በጠራ ቀን ከሩቅ የሚያብለጨልጨውን ጣናን። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ወሰድኳት። እጇን ዘርግታ መጋጠሚያውን ዳሰሰችው።

«ይኼ ያንተ ነው?»

«ከዚህ እስከዚያ ጥግ።»

«እንደ ሳሙና ለስልሷል።»

«ኖራው በደንብ ስለተኛ ነው» አልኩ። 

ስንመለስ ገመዱን አየችው። እኔ በሌላ በኩል ላዞራት ነበር፤ እሷ ግን ጎማዋን አቁማለች።

«ይሄ ነው?»

 ገመዱ ሥር አልፋ ወደ ተዳፋቱ ግርጌ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ አመልካች ጣቷን በሁለት ድንጋይ መሐል ከተተች። እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

«አባዬ፣ ዘበኛው ለቀቀው አላልከኝም?»

ጌትነት ከኋላዋ ቆሟል። አልተንቀሳቀሰም። ፊቱን ወደ ዋርካው አዞረ፤ አይቶኝ እንዳያሳፍረኝ መሰለኝ። ያ ነገር ከስድብ በላይ ቆረጠኝ።

«አልለቀቀም» አልኩ። «ሰውየውን የጣላቸው መንገዱ ነው። መንገዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥዕሉን ያሳጠርኩትም፣ መጋጠሚያውን ያጠለቅኩትም እኔ ነኝ። ጉልበቱ ሲደማ እያየሁ ለቀቀው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ትሁን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ዞር ብላ ጌትነትን «ያውቁ ነበር?» አለችው።

«እንዴት አላውቅ፣ ይዤው ነበር እኮ። ጎማው ሲነክስ እጄ ላይ ነው የተሰማኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት እኔ። ይህን ለመጠየቅ ፊት እንዴት እንዳገኘሁ አላውቅም።

«ለማን ልናገር አያ? እርስዎ ትልቅ ግንበኛ፣ እኔ ዘበኛ። ሚስቴም ሳትቀር ‹ምናልባት እጅህ ላብ ነበረው› አለችኝ። አንዳንድ ቀን እኔም ራሴ ለቅቄው ይሆን እንዴ እላለሁ።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር። የሰውን በር ብቻ ሳይሆን የገዛ እጁን ምስክርነት ቀምቼዋለሁ። ይቅርታ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ «እሺ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። እሺ ይቅርታ ማለት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ጊዜ ትሁን ዊልቸሯን ከተዳፋቱ ጎን ካለው ዝቅተኛ የድንጋይ መቀመጫ ጋር አስጠግታ፣ በእጇ ተደግፋ ወደ ድንጋዩ ተሻገረች። ባዶውን ወንበር ወደ እኔ ገፋችው።

«ተቀመጥበት።»

«ልጄ፣ ይቅር።»

«ስለ አያ ደርሰህ ስንት ጊዜ ነው የነገርከን? ሦስት ጊዜ ሄደው ነው የሚያስረክቡት አላልክም? አንተ ገና አላስረከብክም። ተቀመጥ።»

እኔ ለልጆቼ በምናገርበት ድምፅ ነበር የተናገረችው። ጫማዬን አወለቅኩና ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አባቷ ስሆን ያ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተቀመጥኩት። ከታች ሆኜ ሳየው ግቢው ሌላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ረዥም፣ እርከን ሁሉ ግድግዳ። ጌትነት ገመዱን ፈታ፤ ሳልለምነው ከኋላዬ መጥቶ ያዘኝ፣ እያቃሰተ ወደ ላይ ገፋኝ። ሲወጣ ወደ ኋላ የምገለበጥ መሰለኝ፤ ሰማዩን ብቻ ነበር የማየው። ጫፉ ላይ አዞረኝ። ቁልቁል ተመለከትኩ። በእግሬ ሺህ ጊዜ የወረድኩበት የራሴ መንገድ ነው። 

«ወደ ኋላ አዙሬ ላውርድዎ፣ እንደሱ ይሻላል» አለ።

«አይሆንም። መምህር ታፈረ እንደወረዱት አውርደኝ።»

ወረድን። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ትንሿ ጎማ ነከሰች። ወንበሩ ቀጥ ሲል ሰውነቴ ወደ ፊት ሄደ፤ ሁለት እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። መሬቱ ወደ ፊቴ ሲመጣ አየሁት። ከዚያ አንድ ክንድ ከኋላ ደረቴ ላይ ተጠመጠመ፤ የጌትነት ጉልበት ድንጋዩን ሲመታ ሰማሁ።

«አልለቅም» አለኝ ጆሮዬ ሥር። «አልለቅም አያ።»

እንደዚያ ተያይዘን ጥቂት ቆየን። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ አይወደድም፤ እኔም አልወድም። አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ለግቢው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ከከረጢት የተማርኩት ስለሆነ ፊደሉ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው። ሥዕሉን ያለ ፈቃድ መለወጤን፣ ስለ ጌትነት የተናገርኩት ሐሰት መሆኑን ጻፍኩ። የሠራተኛው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍም ለመንኩ። የዛሬው ኃላፊ «አባት፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ስምዎን ለምን ያበላሻሉ?» አለኝ። «ስሙ የተበላሸው የሱ ነው» አልኩት። ለጠፈው። ጌትነት ወደ ዋናው በር እንዲመለስ ሲጠየቅ እንቢ አለ። «ዊልቸር የሚገባው በእኔ በር ነው፤ እዚሁ ነኝ» አለ አሉ።

ከዚያ ኮላ ድባ ሄድኩ። መምህር ታፈረ አሁንም ያስተምራሉ፤ በግራ እጅ መጻፍ ለምደዋል። በሩ ላይ ቆሜ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ስለ እጄ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ስለ ዘበኛው ግን ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ ጥዬዋለሁና፤ ለቀቀህ ሲሉኝ አምኜ።» ከዚያ ቁጭ በል አሉኝ፤ ቁጭ አልኩ፤ ስለ ደምቢያ አፈር አወራን።

ተዳፋቱ እንዲፈርስ መሥሪያ ቤቱ ፈቀደ። ለመሐንዲሷ ራሴ ደወልኩላት፤ ዋርካውን ዞሮ የሚሄድ ረዥም መንገድ ሣለች። አዲሶቹ ግንበኞች ሠሩት፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ድንጋዩን እያንኳኳሁ አዳመጥኩ። ፊቱ እንደ ገበታ ለስላሳ ተጠረበ፣ መጋጠሚያው እስከ አፉ በኖራ ተሞላ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ከረመ። ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚረጭበት ጌትነት ነበር። ማንም አላዘዘውም።

ጆንያው የተነሳ ቀን ትሁንን አመጣኋት። ሰው እንዳይነካት ከለከለች። በሁለት እጇ ጎማዋን እየገፋች ብቻዋን ወጣች፤ ማሳያ ክፍሉ ገባች። ለረዥም ጊዜ ጠፋች። እኔና ጌትነት ከታች ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ጫፉ ላይ ብቅ አለችና ፊት ለፊት መውረድ ጀመረች። ትንሿ ጎማ አንዱን መጋጠሚያ አለፈች፣ ሌላውን አለፈች። ጌትነት እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደ፤ ግን አልነካትም። መሬት ደረሰች።

ምስጋና ጠበቅኩ። አልዋሽም፣ ጠበቅኩ።

እሷ ግን ወንበሯን አዙራ ወደ ላይ ተመለከተች። «አባዬ፣ ሰባተኛው ላይ ትንሽ ይነካል» አለችኝ።

«በስተቀኝ ነው በስተግራ?»

«በስተቀኝ።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። መሮና መዶሻዬን አወጣሁ፤ እሷ ተከትላኝ ስትወጣ ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ተንበረከክኩና፣ «እጅሽን ስጪኝ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ» አልኳት።